የተከዜ ደለልና የዋግ አፈር፤ ስለ ግድብ ዕድሜ በሚነገረው ስሌት ላይ የቀረበ ትችት

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚለውን ተረት ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። ተረቱን በጥሞና ለሚመረምረው ሰው ግን አንድ ነገር ይጐድለዋል። ወንዙ በክረምት ይዞ የሚዞረው ዋናው ሸክም ግንድ ሳይሆን አፈር ነው። ግንዱ በውሃው ላይ ተንሳፎ ለዓይን ስለሚታይ ተተረተለት፤ አፈሩ ግን ውሃውን አቅልሞ ከውሃው ጋር አንድ ሁኖ ስለሚሄድ ማንም ልብ አላለውም። የእኛ ጽሑፍ ስለ ዓባይ ሳይሆን ስለ ተከዜ ነው፤ ተከዜ ማደሪያ ካገኘ ብዙ ዓመት ሁኖታልና። ማደሪያ ያገኘ ወንዝ ደግሞ ይዞት የሚዞረውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፤ የተራገፈው ስንት ነው? ከየት መጣ? ግድቡን በስንት ዓመት ይሞላዋል? ጥፋቱስ የማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በየትምህርት ክፍሉ፣ በየስብሰባውና በየሪፖርቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት መልክ አለው። የዋግና የላስታ ገበሬ ዳገት አርሶ አፈሩን ለጎርፍ ሰጠ፤ አፈሩ ወደ ተከዜ ወረደ፤ ግድቡ በዚህን ያህል ዓመት ይሞላል፤ ስለዚህ ግድቡን ለማዳን ገበሬው እርከን ይሥራ የሚል ነው። እኛ ይህን መልስ ጨርሶ ሐሰት ነው አንልም። ዳሩ ግን አራቱም እርምጃዎቹ ሲመረመሩ እርስ በርሳቸው እንደሚባለው የተያያዙ ሁነው አላገኘናቸውም። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የሰጠነው፣ የምንተቸው ስሌት በዚያው ስለሚቈጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ስፍራውን እናስታውስ። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ ዋግን በምዕራብ በኩል እየታከከ ወደ ሰሜን ይወርድና ከሰሜን ተራሮች ሥር በጥልቅ ሸለቆ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ከዚያም ሰቲት ተብሎ ሱዳን ውስጥ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። የሰቆጣ ዙሪያ ጅረቶችም በጸላሪ በኩል ወደዚሁ ወንዝ ይገባሉ። በ2009 የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ቅስት ግንብ ሲሆን 300 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ተሠርቷል። ከኋላው የተኛው ሐይቅ ከ9 ቢሊዮን ኩቢክ ሜትር የሚበልጥ ውሃ የመያዝ ችሎታ አለው፤ ዳርቻውም ወደ ዋግ ኽምራዎቹ ወረዳዎች፣ ወደ አበርገሌና ወደ ዝቋላ ይዘልቃል። ኃይሉ ግን በከፍተኛ መስመር ወደ መቀሌ ሄዶ ከአገሪቱ መረብ ጋር ይጋጠማል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። የግድብ ዕድሜ እንዲህ ይቈጠራል፤ ከተርባይኑ የውሃ መግቢያ በታች ያለውን፣ መሐንዲሶች ሙት የሚሉትን የማጠራቀሚያውን ክፍል ይወስዱና በየዓመቱ በሚገባው ደለል ያካፍሉታል። የተከዜ ሙት ክፍል በግምት 4 ቢሊዮን ኩቢክ ሜትር ነው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በዓመት 40 ሚሊዮን ቶን ደለል ይገባል እንበል። ደለሉ ሲረጋ አንዱ ኩቢክ ሜትር 1.2 ቶን ይመዝናል ያልን እንደ ሆነ ሙቱ ክፍል በ120 ዓመት ይሞላል። አዲስ ጭቃ ስለሆነ 0.8 ቶን ብቻ ይመዝናል ካልን ግን 80 ዓመት ይሆናል። እነሆ፣ አንድም ጠብታ ውሃ ሳንለካ፣ ስለ ጭቃው ክብደት ባደረግነው አንድ ግምት ብቻ 40 ዓመት ጨመርን ወይም ቀነስን! የአንድ ትውልድ ዕድሜ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን በሪፖርቱ ሽፋን ላይ የሚታተመው አንድ ቍጥር ብቻ ነው፤ አንባቢውም ቍጥሩን እንደ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግመዋል።

የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ይህ ስሌት ደለሉ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሙቱ ክፍል ወርዶ፣ እሱን ከሞላ በኋላ ወደ ላይ የሚወጣ አስመስሎ ያስቀምጠዋል፤ ጋን ከታች ወደ ላይ እንደሚሞላ ማለት ነው። ወንዝ ግን ጋን አይሞላም። ከመካከላችን አንዱ ያደገው ሰቆጣ ነው፤ በክረምት ሌሊት ጅረቱ ሲሞላ ከጎርፉ ድምፅ በታች ሌላ ድምፅ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማ እንደ ነበር ያስታውሳል። ያ በወንዙ ወለል እየተንከባለለ የሚሄደው ድንጋይና አሸዋ ነው። ይህ ሸክም የረጋውን ውሃ ገና እንደ ነካ፣ በሐይቁ ራስ ላይ ይወድቃል፤ እዚያም እንደ ምላስ የተዘረጋ የአሸዋ ሜዳ ይሠራል፤ ምላሱም ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ግድቡ ይራመዳል። ደቃቁ ጭቃ ግን ውሃውን እየከበደ ከሐይቁ ወለል ሥር እንደ እባብ ተስቦ እስከ ግንቡ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አሸዋው የሚይዘው ስፍራ ሙት የተባለውን ሳይሆን ሕያው የተባለውን፣ ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ነው።

ይህን የፈጠርነው እኛ አይደለንም፤ የአስዋን ታላቅ ግድብ በግልጥ አሳይቶታል። የአስዋን መሐንዲሶች 31 ቢሊዮን ኩቢክ ሜትር ያህል ሙት ክፍል ለደለል ትተው፣ ይህ ለ500 ዓመት ይበቃል ብለው ነበር። ውሃው ከ1964 ጀምሮ ሲጠራቀም ደለሉ ወደ ተዘጋጀለት ስፍራ አልሄደም፤ አብዛኛው ከግድቡ እጅግ ርቆ፣ በሱዳን ግዛት ባለው በሐይቁ የላይኛው ክፍል ወደቀ። እንግዲህ የተከዜን ሐይቅ ደለል ለመመርመር የሚፈልግ ሰው ግንቡ ሥር ከመቆም ይልቅ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት መሄድ ይገባዋል። ይኸውም የዋግ አገር ነው።

ግድቡ ምን ያህሉን ይይዛል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ ይቀላል። ብሩን የተባለው አሜሪካዊ በ1953 እንዳሳየው፣ አንድ ማጠራቀሚያ የሚይዘው ደለል የሚወሰነው ከሁሉ ይልቅ በመጠኑና በዓመት በሚገባው ውሃ መካከል ባለው ንጽጽር ነው። ተከዜ በግድቡ ላይ በዓመት በአማካይ ከ4 ቢሊዮን ኩቢክ ሜትር ያነሰ ውሃ ስለሚያመጣ ሐይቁ ከሁለት ዓመት ውሃ በላይ ይይዛል። እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ ከሚገባው ደለል ከመቶ 95 እጅ የሚበልጠውን ያስቀራል። ይህ የጠራ ነገር ስለሆነ ብዙ አንከራከርበትም።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። በሱዳን በአትባራ ላይ በ1964 የተፈጸመው የኸሽም ኤል ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ኩቢክ ሜትር ይይዝ ነበር። የተሠራውም የአስዋን ሐይቅ አገራቸውን ስላሰጠመባቸው የሃልፋ ኑብያውያን ተነሥተው በአዲስ እርሻ እንዲሰፍሩ ነው። አንድ ግድብ ያፈናቀለውን ሕዝብ ሌላ ግድብ ሊያስተናግድ፣ ያንን ደግሞ የእኛ አፈር ሊሞላው! ጊርባ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከችሎታው ግማሽ የሚበልጠውን አጥቷል። ሱዳናውያን ከ1971 ጀምሮ በክረምት በሮቹን ከፍተው ሐይቁን እያጠቡ የቀረውን ለማዳን ደክመዋል፤ በአጠባውም ጊዜ ዓሣው በጭቃ ታፍኖ ያልቃል። ጊርባን ማጠብ የተቻለው ትንሽ ስለሆነና አትባራ በየክረምቱ መልሶ ስለሚሞላው ነው። ተከዜን ለማጠብ የፈለገ ሰው ግን ከሁለት ዓመት ውሃ የሚበልጠውን ማፍሰስና መልሶ እስኪሞላ ያለ ኃይል መቀመጥ ይኖርበታል። የትልቅነቱ በረከት ይኸው መርገሙም ነው፤ የገባው ሁሉ ይቀራል፣ የቀረውንም የሚያወጣው የለም።

በዚህ ላይ ደግሞ ሌላ የተጋነነ ነገር እንሰማለን፤ ተከዜ ተገደበ፣ ስለዚህ የአትባራ ደለል ቆመ የሚል። አትባራ ለዓባይ የሚሰጠው ውሃ ከመቶ 13 እጅ ያህል ሲሆን የሚሰጠው ደለል ግን ከመቶ 25 እጅ እንደሚሆን በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ነገር ግን አትባራ ማለት ተከዜ ብቻ አይደለም። ጓንግና አንገረብ ከጎንደር አገር የየራሳቸውን ጭቃ ይዘው ይወርዳሉ፤ ዘሪማም ከግድቡ በታች ወደ ተከዜ ይገባል። እነዚህን የተከዜ ግድብ አይነካቸውም። ሱዳን በ2017 የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድቦችን ማስመረቋ ውሃ ከማጠራቀም ሌላ ለጊርባም ፊት ለፊት የደለል መቀበያ መሆኑ አይቀርም። ከግድብ በታች የሚፈሰው የጠራ ውሃ የወንዙን ወለል እየበላ ያጎደጉዳል የሚለው ትምህርት፣ በአስዋን ሥርና በዓባይ አፍ ላይ በሜዲቴራኒያን ዳርቻ የታየ እውነት ነው፤ በተከዜ ግን ወንዙ ከግድቡ በታች ብዙ መንገድ የሚሄደው በድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ የሜዳ አገር ምሳሌ እንዳለ ሊገለበጥበት አይገባም።

እስከዚህ የተናገርነው የመሐንዲስ ነገር ነው። አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ገበሬው ክስ እንለፍ።

ክሱ የሚቆመው በአንድ ታዋቂ ቍጥር ላይ ነው። ከ1981 ጀምሮ የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባርን፣ በሸዋ አንዲት ጥድን በመሳሰሉ ጣቢያዎች የአፈር መታጠብን ለክቷል። የፕሮግራሙ መሪ ሐንስ ሁርኒ ከዚህ ተነሥቶ ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ገመተ። ቍጥሩ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ እኛም ክብር እንሰጠዋለን። የምንተቸው ቍጥሩን ሳይሆን የተሸከመውን ሸክም ነው። ሰዎች 42ን ይወስዱና በተፋሰሱ ስፋት ያባዙታል፤ የተገኘውንም ወደ ግድቡ ያስገቡታል። እስቲ እኛም እንደ እነርሱ እናባዛ። ከግድቡ በላይ ያለው የተከዜ ተፋሰስ 30,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለት 3 ሚሊዮን ሄክታር ነው። በ42 ሲባዛ 126 ሚሊዮን ቶን ይሆናል። አስዋን ከመሠራቱ በፊት ግን ጥቁር ዓባይን፣ አትባራንና ነጭ ዓባይን ጨምሮ መላው ዓባይ ወደ ግብጽ ያወርድ የነበረው ደለል በዓመት ከ120 እስከ 140 ሚሊዮን ቶን እንደ ነበር ይገመታል። እንግዲህ በዚህ ብዜት የሄድን እንደ ሆነ የዋግ፣ የላስታና የጎረቤቶቻቸው ገበሬዎች ብቻቸውን ግብጽን ሲገነቡ ኖረዋል ማለት ነው፤ የጎጃምና የቤጌምድር አፈር ወዴት እንደ ሄደ የሚናገር ይምጣ!

ስሕተቱ ያለው መሬቱ ሁሉ የታረሰ ተደርጎ መቈጠሩ ላይ ብቻ አይደለም። ከዳገት የተነሣ አፈር ሁሉ ወንዝ አይደርስም። በ1986 የወጣው የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ጥናት በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን አፈር ይታጠባል ብሎ ሲያስደነግጥ፣ በዚያው ላይ ከዚህ ውስጥ በወንዝ ከአገር የሚወጣው ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ ነው ብሏል። የፊተኛው ቍጥር በየንግግሩ ሲጠቀስ የኋለኛው ተረሳ። የቀረው ዘጠኝ እጅ በተረተሩ ግርጌ፣ በማሳው ድንበር፣ በካቡ ሥር፣ በሸለቆው ሜዳ ይተኛል። ይህንንም የሰሜን ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በቦረቦር ላይ ድንጋይ ደርድሮ ክትር ይሠራል፤ ጎርፉ ያመጣውን ደለል ያስቀምጥበታል፤ በጥቂት ክረምት ገደል የነበረው ማሳ ይሆንለታል። መሐንዲሱ ጥፋት ብሎ የመዘገበውን አፈር ገበሬው ከታች ሁኖ ይዘራበታል። ከላይ ያለው ጎረቤቱ የጠፋበትን ማለት ነው እንጂ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው ማለታችን አይደለም፤ በዚህ ነገር የሚያዝንና የሚደሰት እንዳለ አንክድም።

ደለሉ ሁሉ ከማሳ የመጣ ነው ማለትም አይቻልም። የተከዜ ሸለቆ ግድግዳ ራሱ ይናዳል፤ በ2008 በግድቡ ስፍራ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ተጨማሪ መደገፊያ ግንብ እስኪያሠራ ድረስ ከባድ ነበር። ቦረቦሮች፣ የጅረት ዳርቻዎች፣ ከመንገድ ቦይ የሚወጣው ጎርፍ፣ እነዚህም ድርሻ አላቸው። የሐይቁም ውሃ በየዓመቱ ብዙ ሜትር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ዳርቻውን ያረጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይንደዋልም። ለዚህኛው ገበሬውን የሚከስ አላየንም።

ክሱ በታሪክም አይጸናም። የሰሜን ተራሮች ቅርብ ጊዜ ድረስ በደን ተሸፍነው እንደ ነበር፣ ባለፈው መቶ ዓመትም ገበሬው እንደ ጨረሰው ከትምህርት ቤት ጀምሮ ተምረናል። በ1868 ከናፒየር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በአሸንጌና በዋግ ጠርዝ በኩል ሲያልፍ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር። ያን ቤልጅጋዊው ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ በእነዚያው ስፍራዎች ቆመው እንደ ገና ቢያነሡ፣ ያኔም ተራሮቹ የተራቈቱ ሁነው ተገኙ፤ በብዙ ስፍራም ዛሬ ያለው ዛፍ ከያኔው ይበልጣል። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁርም የአርባ በመቶው ደን ወሬ ከምን ደካማ ምንጭ እንደ ተነሣ በ1997 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። መሬቱ አልተጐዳም ማለት አይደለም፤ ጉዳቱ ረጅም ዘመን ያለው ነው ማለት ነው። ረጅም ዘመን ያለው ጉዳት ደግሞ በአምስት ዓመት እርከን አይመለስም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከወረቀት ወጥቶ ሰው ላይ የሚያርፈው። የዋግ ገበሬ በየበጋው ቀኑን ሰጥቶ ካብ ይክባል፣ እርከን ይቈፍራል፤ አንዳንዱ በ2005 በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እህል እየተሰፈረለት፣ ሌላው በነጻ ጉልበቱ። የዚህ ድካም ምክንያት ግድቡን ማዳን ነው ከተባለ፣ መለኪያውም የሐይቁ ደለል ይሆናል። ትሪምብል የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በዊስኮንሲን በኩን ክሪክ ያገኘውን እናውቃለን። እዚያ ገበሬዎች አስተራረሳቸውን አስተካክለው የአፈሩ መታጠብ እጅግ ቢቀንስም፣ ከወንዙ የሚወጣው ደለል ለብዙ አሥርት ዓመታት አልተለወጠም ለማለት ይቻላል። ቀድሞ ታጥቦ በሸለቆው ተኝቶ የነበረው አፈር እየተነሣ ይሄድ ነበርና። በተከዜም ይኸው ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ለካሁ ባይ መጥቶ ደለሉ አልቀነሰም፣ ስለዚህ እርከኑ ከንቱ ነው፣ ገበሬውም ሰነፍ ነው ቢል ማን ይመልስለታል? ካቡ ግን በዚያው ዓመት በገበሬው ማሳ ላይ አፈርና እርጥበት አስቀርቶ ይሆናል። ያም ሥራው ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል የገባው በሰቆጣ ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው ሰነድ የመጀመሪያ ሥራውን የጀመረውም በዚሁ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። እንግዲህ በአንድ ተፋሰስ ላይ ሁለት መዝገብ አለ። አንዱ አፈሩን በሐይቅ ውስጥ ስንት ስፍራ ያዘ ብሎ ይቈጥረዋል፤ ሌላው በማሳ ላይ ስንት ሰው መገበ ብሎ ሊቈጥረው ይገባ ነበር። ስለ ደለል የሚጻፈው የመጀመሪያውን ብቻ ይሞላል። መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉንና፣ የምናነባቸው የደለል ሪፖርቶች ሁሉ የሚጀምሩት በገበሬው ነው፣ የሚጨርሱት ግን በተርባይኑ።

ለግድቡ ዕድሜ ግድ የለንም ብሎ የሚረዳን እንዳይኖር እንፈራለን። በ1960 የተመረቀው ቆቃ ከችሎታው ሲሶ ያህሉን ለደለል መስጠቱን፣ ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ በደለል መቸገሩን፣ በትግራይ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከተሠሩት ትንንሽ የአፈር ግድቦች ብዙዎቹ ከታሰበላቸው ዕድሜ ግማሹን እንኳ ሳይደርሱ ለመሙላት መቃረባቸውን እናውቃለን። ልብ በሉ፤ በትንሽ ግድብ ያለው ነገር ከትልቁ ይለያል። ትንሹ ግድብ ከዳገቱ ሥር ስለሆነ የታጠበው አፈር ቶሎ ይደርስበታል፤ ከላዩ ያለው ገበሬም ውሃውን የሚጠጣው ራሱ ነው፤ እዚያ እርከንና ግድብ የአንድ ቤት ነገር ናቸው። በተከዜ ግን የሚሠራው በዋግና በላስታ ነው፣ የሚበራው በሩቅ። በ2025 በተመረቀው በታላቁ የዓባይ ግድብም ይኸው ስሌት፣ ይኸው ክስ ከጎጃም ገበሬ ራስ ላይ ሲጫን ከወዲሁ እንሰማለን።

ስለዚህ ከማባዛት ወደ መለካት እንድንመለስ እንጠይቃለን። ጎርፉ በአንድ ሌሊት ያመጣው ደለል የበጋውን ወራት ሁሉ ደለል ስለሚበልጥ፣ በቀን ብርሃን ከዳር ሁኖ በጠርሙስ ውሃ ቀድቶ መመለስ ብቻውን አይበቃም። የሐይቁን ወለል ግን መለካት ይቻላል። በግንቦት መጨረሻ ውሃው ዝቅ ሲል የሐይቁ ራስ ይገለጣል፤ ያኔ የአሸዋው ምላስ እስከ የት እንደ ደረሰ በእግር ሊኬድበትና ችካል ሊተከልበት ይችላል። የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች በሐይቁ ላይ በጀልባ ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ፤ መረባቸው የት ጭቃ እንደሚነካ፣ አምና ጥልቅ የነበረው ዘንድሮ የት ላይ እንደ ተደፈነ ከእነርሱ የሚሻል የሚያውቅ የለም። በገመድና በእርሳስ ጥልቀቱን እየለኩ፣ ዓመተ ምሕረቱንና የውሃውን ከፍታ እየጻፉ ከነርሱ ጋር ለሁለት ሳምንት መዞር ከአንድ የክረምት ዕረፍት በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። በሚመጣው ዓመት ከጂኦግራፊና ከምሕንድስና ክፍል አብሮን ሊወርድ የሚፈቅድ ተማሪ ስሙን ለቡለቲኑ አዘጋጆች ቢሰጥ እንቀበላለን።